ሰው ሲተቸን ምን እናድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቆች፣ ፋብሪካዎች፣ ግቢዎችና ቤቶች ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

ትንሽ አስተያየት ሲሰጠኝ ለምን ይህን ያህል ያመኛል?

ሰው ስለሆናችሁ ነዋ። ልብ ይመታል፣ ፊት ይግላል፣ ጆሮ ደግሞ ቀጥሎ የተባለውን መስማት ያቆማል። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሰውነታችን ስድብን ከምክር አይለይም። ሁለቱም ያስደነግጡታል። አሥር ሰው አመስግኖን አንዱ ቢነቅፈን፣ ማታ ከእንቅልፍ የሚከለክለን ያ አንዱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ክፉ ቃል ከደግ ቃል ይልቅ አእምሮ ላይ እንደሚከብድ ደጋግመው አይተዋል።

ስለዚህ «ለምን አመመኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን በላዩ ላይ አትቅጡ። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጣጣው ሕመሙ አፍ አውጥቶ መናገር ሲጀምር ነው።

አስተያየት ሁልጊዜ ይጠቅማል?

አይጠቅምም። በየሥልጠናው «አስተያየት ስጦታ ነው» ሲባል እሰማለሁ፤ ብዙም አልወደውም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። በአማካይ ሲታይ አስተያየት የሰዎችን ሥራ አሻሽሏል። ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ውጤቶች ግን ሥራው ጭራሽ ወርዷል።

ያቀረቡት ማብራሪያ ቀላል ነው። አስተያየቱ ዓይናችንን ሥራው ላይ ሲያቆየው ይጠቅማል፤ ወደ ራሳችን ሲያዞረው ይጎዳል። «ይሄ ስፌት ጠሟል» ስትባሉ ስፌቱን ታያላችሁ። «አንቺ እኮ እጅሽ አይረባም» ስትባሉ ግን ስፌቱ ይረሳና ቀኑን ሙሉ ስለ እጃችሁ ታስባላችሁ።

ተናጋሪው እንዴት እንደሚናገር መወሰን አንችልም። ወሬውን ወደ ሥራው መመለስ ግን እንችላለን። «እጅሽ አይረባም» ላለው ሰው መልሱ «የቱ ጋ ነው የጠመመው? አሳየኝ» ነው። ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የሚቀዳ ነው።

በዚያች ደቂቃ ምን ልበል?

ትንሽ ነገር። «እሺ፣ ሰምቻለሁ። ላስብበትና እነግርሃለሁ» ይበቃል። ወዲያው መስማማትም ወዲያው መካድም ግዴታ የለባችሁም። በስልክ በጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ስልኩን አስቀምጡት። በንዴት የተጻፈ የቴሌግራም መልእክት እስኪነጋ ቢቆይ ማንም አይጎዳም።

ቤት ውስጥ ከሆነ ቡናው ራሱ ይረዳችኋል። አቦሉ ላይ ስሙ፤ መልሱን ለበረካው አቆዩት። እስከዚያ ብዙ ንዴት ይበርዳል። አንዲት ቃል ግን በምንም ሰዓት አታውጡ፦ «አንተስ?» እሷ ከወጣች ስለ ዛሬው ጉዳይ ማውራት ቀረ፤ የአምናውና የካቻምናው ሁሉ ይነሣል።

ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ?

የተጎዳ ሰው ካለ አዎ፤ አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ። የተጓደለው ሥራ ብቻ ከሆነ ማስተካከሉ ይበቃል። አሥር ጊዜ ይቅርታ የሚል ሰው ተናጋሪውን አጽናኝ ያደርገዋል። ሰውየው «አብሽር፣ ኧረ አብሽር» ሲል ይቆይና የመጣበት ጉዳይ ሳይነሣ ይለያያሉ።

እንባዬ ይቀድመኛል። እንዴት ልቆጣጠረው?

ብዙ አትታገሉት። «እንባዬን ተወው፣ እየሰማሁህ ነው» ብሎ መቀጠል ይቻላል። ሰው የሚደነግጠው እንባው ንግግሩን ያቆመው ሲመስለው ነው። ካልሆነላችሁ «ውኃ ጠጥቼ ልምጣ» በሉ፤ ግን ተመልሳችሁ ኑ። ለወደፊቱ ደግሞ አስተያየቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለብቻ ሆኖ አንብቦ፣ አልቅሶም ቢሆን፣ ከዚያ መነጋገር ለብዙ ሰው ይቀላል።

ደንበኞቼ «ቆንጆ ነው» ይሉኛል፤ ግን አይመለሱም። እውነቱን እንዴት ላውጣጣ?

ይሄ የደሴ ጥያቄ ነው። የእኛ ሰው ፊት ለፊት ማስከፋት አይሆንለትም። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዳ ቀሚስ የለካች ደንበኛ እጅጌው ቢጠባትም «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ፣ ከፍላ ትወጣለች። ሰኞ ገበያ ስትደርስ ለእህቷ ትነግራታለች። ለሰፊዋ የሚነግራት የለም። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ለነጋዴ ግን ደንበኛ በዝምታ ያሳጣል።

«እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ቆንጆ» ይባላል። ጥያቄው ሌላ መልስ አያስወጣም። ሰውየው ሳያፍር ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አቅርቡለት። «እጅጌውን ትንሽ ልልቀቀው ወይስ እንዲህ ይሁን?» ሲባል «ልቀቂው» ማለት ነቀፋ አይመስልም። ምግብ ቤት ከሆነ «ሽሮው ዛሬ ለእኔ ጨው የበዛበት መስሎኛል፣ ለእናንተስ?» ማለት ይቻላል፤ እውነትም ከመሰላችሁ። ነውሩን ቀድማችሁ ስለወሰዳችሁት እንግዳው ይቀለዋል። ሦስተኛዋ፣ እኔ የምመርጣት፣ ይህች ናት፦ «አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል ብል ምኑን ላስተካክል?» አንድ ሲባል ሰው ይደፍራል።

ጠይቃችሁ ስታበቁ ዝም በሉ። መጀመሪያ የሚመጣው «ኧረ ምንም አይወጣለትም» ነው። ዝምታውን ቸኩላችሁ ካልሞላችሁት ትንሽ ቆይቶ «ግን…» ይመጣል። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ጻፉት። ያን ጊዜ ፊታችሁን ጠብቁ! መጀመሪያ የደፈረችው ደንበኛ ፊታችሁ ሲጠቁር ካየች ሁለተኛ አትደፍርም፤ ጎረቤቷም አይደፍርም። «እሰይ ነገርሽኝ» ብላችሁ እጅጌውን ያለ ክፍያ ብትለቁላት ያ ወሬ ደግሞ ሰኞ ገበያ ይደርሳል።

ምክንያቴን ባስረዳ ሰበብ ደረደርሽ ይሉኛል። ታዲያ ዝም ልበል?

ዝም አትበሉ፤ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው አረፈደ እንበል። «ሐረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘግቶ ነው» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያን በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለ ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። አለቃው የሚሰማው ግን ሰበብ ነው፤ የተጨነቀው ስለ መንገዱ ሳይሆን ጠዋት ስለቀረው ርክክብ ነውና።

ስለዚህ መጀመሪያ «አርፍጃለሁ፤ ርክክቡን ማን ያዘልኝ?» ይበል። ቀጥሎ «ከነገ ጀምሮ አንድ መኪና ቀድሜ እወጣለሁ» ይበል። ከዚያ መንገዱን ቢያነሳ አለቃው ራሱ «ሐረጎ እኮ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ያግዘዋል። የተነገረው ያው ነው፤ የተለወጠው የቱ እንደቀደመ ነው።

የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። አስተያየት በዛብኝ፤ ሊያሰናብቱኝ ይሆን?

አስተያየት መብዛቱ ብቻ ይህን አያሳይም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሊያቆይ ያሰበ አለቃ ነው የሚናገረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እስከ መጨረሻው ሳምንት አትጠብቁ። ግማሹ ላይ ስትደርሱ «እስካሁን ባለው አያያዜ ቢወሰን ምን ይጎድለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማስተካከል ቀን ሲቀር መስማትና ቀኑ ካለቀ በኋላ መስማት ለየቅል ናቸው።

ሱፐርቫይዘሬ ሰው ሁሉ እየሰማ ይጮኽብኛል። ልመልስለት?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ይህን በብዛት ያነሳሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ማሽን በሚያጓራበት አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ይጮኻል፤ ደግ የሚናገረውም ጭምር። ታርጌቱ ከላይ ሲጫነው ደግሞ ድምፁ ሌላ ይጨምራል። ጩኸት ሁሉ ንቀት ነው ብሎ መነሣት ቶሎ ያሳምማል።

ያን ሰዓት ስለ አነጋገሩ አትመልሱ። ስለ ሥራው ብቻ መልሱ፦ «የቱ ነው? አሳየኝ።» በኳሊቲ የተመለሰውን ልብስ እጃችሁ ላይ ያዙት፤ ስህተቱን በዓይናችሁ እዩት። ዓይናችሁ ልብሱ ላይ ሲሆን የእሱም ዓይን ከእናንተ ላይ ይነሣል።

የአነጋገሩን ነገር ሺፍቱ ሲያልቅ ለብቻው ንገሩት። «ስህተቱን አይቼዋለሁ፤ አስተካክያለሁም። ሰው ፊት ሲሆን ግን እጄ ይንቀጠቀጥና ሌላም አበላሻለሁ። ወደ ጎን ጠርተህ ብትነግረኝ ቶሎ አርማለሁ።» እሱም የሚፈልገው ቶሎ እንዲታረም ስለሆነ ይሰማችሁ ይሆናል። ካልሰማ ቀንና ቃሉን እየጻፋችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ውሰዱት። «ሁልጊዜ ይጮኽብኛል» ከሚለው ይልቅ ቀን ያለው ወረቀት ክብደት አለው።

አስተያየቱ ስህተት ከሆነስ?

በመጀመሪያ በትክክል መስማታችሁን እወቁ። «እንዲህ ማለትህ ነው?» ብላችሁ በራሳችሁ ቃል መልሱለት። ከምታስቡት በላይ ብዙ ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ ቅሬታውንና ምክንያቱን ነጥሉ። ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት የነበረው ሰው ደሴ ላይ ሁለተኛ ከፈተ እንበል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ግን ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ብርዱም ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የሚነሳው ሊጥ ደሴ ላይ በዚያው ሰዓት አይነሳም። ዳቦው ድፍን ሆኖ ሲወጣ ደንበኛው «ዱቄት ላይ ሰስተሃል» ይለዋል። ባለ ዳቦ ቤቱ ያው ዱቄት፣ ያው ሚዛን ነውና ይናደዳል። ደንበኛው ስለ ዱቄቱ ተሳስቷል፤ ስለ ዳቦው ግን ልክ ነው። «አልሰሰትኩም» ብሎ የሚከራከር ዳቦ ጋጋሪ ክርክሩን ያሸንፍና ሰልፉን ያጣል። ሰው ያልጣመውን ነገር ያውቃል፤ ለምን እንዳልጣመው የማወቅ ግዴታ የለበትም።

ሁሉንም አይታችሁ አሁንም ካልተስማማችሁ አንድ ጊዜ፣ ከነማስረጃው ተናገሩ። ውሳኔው የአለቃው ከሆነና ማንንም የማይጎዳ ከሆነ በእሱ መንገድ ሥሩት። ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ የማሽን መከላከያ አንሡ ከተባላችሁ፣ ይህ አስተያየት አይደለም፤ እምቢ በሉ።

አማካሪዬና ፈታኙ የሚጻረር ኮሜንት ሰጡኝ። የማንን ልቀበል?

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ይህን ይጠይቃል። አማካሪው «መረጃ ጨምር» ብሎ ነበር። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «ርዕሱን አጥብበው» አለ። ተማሪው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

ብዙ ጊዜ ሁለቱ ያዩት ጉድለት አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመፍትሔው ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ ጥያቄው ሰፊ፣ መረጃው ጥቂት ነው። አንዱ መረጃው ይደግ አለ፣ ሌላው ጥያቄው ይነስ አለ። ይህን ካያችሁ በኋላ ምርጫው የሰው ምርጫ መሆኑ ይቀራል። ጊዜና ገንዘብ የሚፈቅደውን ትመርጣላችሁ። ወደ አማካሪያችሁም «እርስዎና ፈታኙ አልተስማማችሁም» ብላችሁ አትሄዱም፤ «ሁለታችሁም ያያችሁት ጉድለት ይህ መሰለኝ» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። መምህሩ የሚቀበልበት ፊት በጣም ይለያያል።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች። በዲፌንሱ ቀን የሚባለውን የሚጽፍላችሁ ጓደኛ ይዛችሁ ግቡ፤ ፊት የቆመ ሰው ግማሹን አይሰማም። ከዚያ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ኮሜንቱ እንደተነገረው፣ ማን እንዳለው፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ በየትኛው ገጽ። ያልተቀበላችሁት ካለ ለምን እንዳልተቀበላችሁት በሁለት መስመር ጻፉ። በጆርናል የሚያሳትሙ ተመራማሪዎች ለገምጋሚዎቻቸው የሚመልሱት እንዲህ ነው። ነጥብ በነጥብ የመለሰ ተማሪ አንዱን ባይቀበል እንኳ ደፋር ነህ አይባልም።

ስለ እኔ የተባለውን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ሄጄ ላፋጥጠው?

አታፋጥጡት። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይፋፋል። «አንዳንዴ ትቸኩላለች» የተባለው ሦስተኛው ቡና ላይ «ሥራ አትችልም» ይሆናል። ደግሞ ማን እንደነገራችሁ ማጣራት ከጀመራችሁ ጉዳዩ ከሥራው ወጥቶ «ማን አወጣው» ይሆናል፤ መጨረሻም የለውም።

ሰውየው ጋ ሂዱ፤ ወሬውን ግን አታንሡ። «በቅርቡ አብረን ስንሠራ የከበደህ ነገር ካለ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል» በሉት። ከነገራችሁ ቃሉን ከምንጩ አገኛችሁ። «ምንም የለም» ካለ ደግሞ ወሬው ተጋንኖ ይሆናል፣ ወይም ገና አላመናችሁም። ወሬ ያመጣላችሁንም ሰው ሳታስቀይሙ «ሌላ ጊዜ እሱ ራሱ እንዲነግረኝ አድርጊልኝ» ማለት ይቻላል። ሁሉም ወሬ አመላላሽ አይደለም፤ አንዳንዱ በይሉኝታ መናገር ያቃተው ሰው የላከው ነው። ሽማግሌ ባለበት አገር ይህ አይገርምም።

ታላቅ ሰው ሲናገረኝ መመለስ ነውር ነው። እያመመኝ «እሺ» ልበል?

«እሺ አባባ»፣ «እሺ እማማ» ማለት ሰምቻለሁ፣ አክብሬያለሁ ማለት ነው፤ ሁሉን ተቀብያለሁ ማለት ላይሆን ይችላል። ትልልቆቹም ይህን ያውቁታል። ችግሩ «እሺ» ብሎ መውጣቱ ላይ የለም። ወጥቶ መቅረቱ ላይ ነው።

በሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ምክር እንደሚፈልግ ሰው ተመለሱ። ለምሳሌ አማታችሁ ልጁን በብርድ ታወጪዋለሽ ብለው ተቆጡ። «እትዬ፣ ያን ቀን ያሉኝን ሳስብ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ብሎኛል፤ እርስዎ ልጆችዎን ሲያሳድጉ በደሴ ብርድ እንዴት ያደርጉ ነበር?» ሲባሉ የሚቀጥለው ወግ ይሆናል። የሐኪሙም ቃል ደረሰ፣ የእሳቸውም ክብር አልተነካም። ካልሆነም የሚሰሙትን ሰው በመሐል ማስገባት አለ፤ ታላቅ ልጃቸውን ወይም የሚወዷትን ጎረቤት።

የማስተምረው ልጅ ሰሌዳ ላይ ስህተቴን አረመኝ። ክብሬ አይነካም?

«ልክ ነህ» ብሎ አጥፍቶ መጻፍ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። መከራከር ግን ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ ተማሪዎቹም መምህሩ ሲሳሳት መናገር እንደሚያስቀጣ ይማራሉ። ልጁ በንቀት ከተናገረ ስለ አነጋገሩ ኋላ ለብቻው ንገሩት። ሁለቱን አንድ ላይ አታምጡ።

ሁሉንም «ተቀብያለሁ» ብዬ ብገላገልስ?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። በስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ዘዴውን እናውቀዋለን። ይነሣል፣ «የተባለውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ራሴን አርማለሁ» ይላል፣ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ነገር ይባላል፤ ያው መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ሰው ከሚከራከረው ሰው የባሰ አስቸጋሪ ይመስለኛል። ተከራካሪው ቢያንስ ሰምቷል።

የተቀበላችሁትን አንዱን ብቻ በስሙ ጥሩ፤ ምን እንደምትቀይሩና መቼ እንደሚታይም ጨምሩ። «ሪፖርቱ ዘገየ የተባለውን ወስጃለሁ፤ የሚቀጥለው ወር በ5 ይደርሳችኋል። ስለ ስብሰባ አመራሬ የተባለውን ግን ገና አልገባኝም፤ ምሳሌ ስጡኝ።» ሰሚው የሚያምነው እንዲህ ያለውን ነው፤ ግማሹን አልገባኝም ስላላችሁ የተቀበላችሁት ግማሽ እውነት ይመስላል።

የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ዝቅ ብሎ መጣ። ልፈርም?

አልፈርምም ማለት ወረቀቱን ከፋይላችሁ አያወጣውም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንብቡ። በየትኛው መስፈርት ላይ ነጥብ እንደቀነሰና በየትኛው ሥራ ምክንያት እንደሆነ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ከፊርማው አጠገብ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም፤ ምክንያቴን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብላችሁ ጻፉና ኮፒ ያዙ። ከዚያ በእርግጥም ጻፉ። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የተወሰነ ስለሆነ ቀኑን ያንኑ ዕለት ጠይቁ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በአዋጅ 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ምሳሌ ልስጥ፦ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ያረፈደ ሰው ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። «ወረቀት ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት አያዋጣም። ምክንያት ከነበራችሁ፣ የሐኪም ወረቀትም ሆነ የመንገድ መዘጋት፣ ያኔውኑ በጽሑፍ አያይዙ። በሰባተኛው ላይ የመጀመሪያውን ማስረዳት ከባድ ነው።

አስተያየትና ስድብ መለያቸው ምንድን ነው?

ነገ ጠዋት ልቀይረው የምችለው ነገር አለበት ወይ ብላችሁ ፈትኑት። «ሒሳቡ ሦስት ቦታ ተሳስቷል» ይቀየራል። ስለ ትውልዳችሁ፣ ስለ ሃይማኖታችሁ፣ ስለ መልካችሁ ወይም ስለ አካላችሁ የተነገረ ነገር ምንም የሚቀየር የለውም፤ ትሕትና በሚል ሽፋን መቀበል አይገባም። «ስለ ሥራው ከሆነ እሰማለሁ፤ ስለዚህ ግን አልነጋገርም» ብሎ ማቆም በቂ ነው።

አስቸጋሪው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ሰዳቢ ሰው ስለ ሒሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን አርሙ፤ ስድቡን ለብቻው ክሰሱ። አንዱን ማድረጋችሁ ሌላውን አያስቀርም። በሥራ ቦታ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ አዋጁ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የሕግ ምክር ጠይቁ፤ ማስረጃ ሳይያዝ መውጣት ኋላ ያስቸግራል።

ያንኑ አስተያየት ከተለያየ ሰው ደጋግሜ እሰማለሁ። አስተካክላለሁ እላለሁ፤ ይመለሳል።

የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ካሏችሁ አትከራከሩ። የሚቀረው ለምን እንደሚመለስ ማወቅ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ካይዘን የተባለውን ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሠለጠነ ሰው፣ ከቶዮታ የመጣውን «አምስት ጊዜ ለምን» ያውቀዋል፤ የችግሩ ሥር እስኪገኝ «ለምን?» እያሉ መጠየቅ ነው። ለማሽን የተሠራ ቢሆንም ለሰውም ያገለግላል። ሥራ ዘግይቼ አስረክባለሁ። ለምን? መጨረሻ ላይ እቸኩላለሁ። ለምን? ዘግይቼ እጀምራለሁ። ለምን? ምን እንደሚፈለግ ሳይገባኝ እቀበላለሁ። ለምን? መጠየቅ ያሳፍረኛል።

እዚህ ሲደረስ «ፈጣን እሆናለሁ» ብሎ ቃል መግባት ለምን እንዳልሠራ ይታያል። የሚቀየረው ፍጥነት አልነበረም። ሥራ ሲሰጣችሁ «መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ እንድታየው ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ካስተካከልኩ ቆየሁ። ሰው ግን አሁንም የድሮውን ያወራል።

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ይብሳል። ፒያሳ ላይ አንድ ጊዜ «ቃሉን አይጠብቅም» የተባለ ቧንቧ ሠራተኛ ሸዋበር ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ሰው ለውጡን አይፈልግም ማለት አይደለም፤ እየተመለከተ አይደለም እንጂ። አንዴ የፈረደበትን ነገር እንደገና የሚያይበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ምክንያቱን ስጡት። በመጀመሪያ የተናገራችሁ ሰው ጋ ሁለት ሦስት ወር ቆይታችሁ ሂዱ። «ባለፈው ሰዓት አታከብርም ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሞከርኩ ነው፤ ለውጥ አይተሃል ወይስ አሁንም አለ?» በሉት። ይህን የተጠየቀ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያስበው ማየት ይጀምራል። «አሁንም አለ» ካለም አትደንግጡ፤ መቼና የት እንደሆነ ጠይቁት። «እውነትህን ነው፣ ተሻሽለሃል» ካለ ደግሞ የቀረውን ወሬ እሱ ራሱ ያስተካክልላችኋል፤ የድሮውን ያወራው እሱ ስለነበረ ከእናንተ ይልቅ እሱ ይታመናል።